የዓሣ ነባሪ ቅሪተ አካል ስንት ዓመቱ ነው? የአለት ንጣፍን ዕድሜ ለማወቅ የትኛው ዘዴ ይሻላል?

ግብጽ ውስጥ፣ ከካይሮ ወደ ደቡብ ምዕራብ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ዋዲ አል ሒታን የሚባል በረሃ አለ። አሸዋው ላይ የዓሣ ነባሪ አከርካሪ እንደተዘረጋ ይታያል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2005 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ስለ ቦታው ስታነቡ አንዱ "37 ሚሊዮን ዓመት" ይላል፣ ሌላው "40 ሚሊዮን" ይላል። ታዲያ ቁጥሩ ከየት መጣ?

አጥንቱን የለካው ሰው የለም። የተለካው አጥንቱ የተኛበት አለት ነው፤ ወይም ከበላዩና ከበታቹ ያለው አለት። አለትን መለካት ደግሞ አንድ ወጥ መንገድ የለውም። ቢያንስ አራት ዋና ዋና አማራጮች አሉ፣ እያንዳንዳቸውም የሚያበሩበትና ከንቱ የሚሆኑበት ቦታ አላቸው። ይህ ጽሑፍ ለጂኦሎጂ ተማሪም፣ ዜና ላይ ቁጥር አይቶ "እርግጠኛ ናቸው?" ለሚል አንባቢም ይሆናል።

አስቀድመን ካርቦን-14ን ከመንገድ እናውጣ። ሁሉም ሰው የሚያውቀው እሱን ስለሆነ መጀመሪያ የሚጠየቀውም እሱ ነው። ግማሽ ዕድሜው፣ ማለትም ካለው መጠን ግማሹ የሚጠፋበት ጊዜ፣ 5,730 ዓመት ነው። 50,000 ዓመት ገደማ ሲሆነው የሚለካ ነገር አይተርፍም። በካናዳ አርክቲክ ከባሕር በላይ ከፍ ባሉ የድሮ ዳርቻዎች ላይ ለተገኙ የጥቂት ሺህ ዓመት የዓሣ ነባሪ አጥንቶች በደንብ ሠርቷል። የሚሊዮን ዓመት ነገር ሲመጣ ግን አይሆንም። "የግብጹን ዓሣ ነባሪ በካርቦን ለኩት" የሚል ካጋጠማችሁ ንባቡን እዚያው ብታቆሙት አይቆጫችሁም።

ቅደም ተከተል ነው ወይስ ቁጥር?

ዘዴ ከመምረጣችሁ በፊት ጥያቄያችሁን ለዩ። "የቱ ይቀድማል?" የሚለውና "ስንት ዓመት ነው?" የሚለው የተለያዩ ናቸው። ለመጀመሪያው ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። ዴንማርካዊው ኒኮላስ ስቴኖ እ.ኤ.አ. በ1669 ያስቀመጠው ሕግ ይበቃል፦ ንጣፎቹ ካልተገለበጡ በስተቀር የታችኛው ከላይኛው ይቀድማል።

ይህን ቀላል ሕግ መናቅ አይገባም። ቺሌ ውስጥ ሴሮ ባዬና የሚባለው ቦታ ጥሩ ማሳያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በአታካማ በረሃ፣ ካልዴራ ከተማ አጠገብ፣ የፓን አሜሪካን አውራ ጎዳና ሲሰፋ ከ40 በላይ አፅሞች ወጡ። አብዛኞቹ ትልልቅ ዓሣ ነባሪዎች ናቸው። መንገድ ሥራው ስለማይጠብቅ የአሜሪካው የስሚዝሶኒያን ሙዚየም ተመራማሪዎች አፅሞቹን ባሉበት በሦስት ገጽታ ስካን አደረጓቸው። የቦታው ዕድሜ በቁጥር ሲነገር ከ9 እስከ 6.5 ሚሊዮን ዓመት ነው። ሰፊ ነው። የ2.5 ሚሊዮን ዓመት ክፍተት ማንንም አያስደስትም።

ቢሆንም ትልቁ ግኝት የመጣው ከቁጥሩ አይደለም። አፅሞቹ በአንድ ንጣፍ ላይ አልነበሩም፤ በአራት የተለያዩ ንጣፎች ላይ ነበሩ። ስለዚህ ዕልቂቱ የአንድ ቀን አደጋ አይደለም፤ አራት ጊዜ ተደጋግሟል። በ2014 የወጣው ጥናት መርዛማ አልጌን ዋና ተጠርጣሪ ያደረገው በዚህ መነሻነት ነው። ሱናሚ ቢሆን እንዲያ እየተመላለሰ፣ በዚያው ሥርዓት አያስተኛቸውም። እዚህ ላይ የንጣፍ ቆጠራ ከማንኛውም ውድ መሣሪያ በላይ ሠርቷል።

ደቃቅ ቅሪተ አካላት

ቁጥር ከፈለጋችሁ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ምርጫ ይህ ነው። ዓሣ ነባሪ በባሕር ወለል ላይ ሲሞት በዙሪያው የሚዘንበው ጭቃ በዓይን በማይታዩ ፍጥረታት የተሞላ ነው፦ ፎራሚኒፌራ የሚባሉ ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረታት፣ ናኖፎሲል የሚባሉ የአልጌ ቅርፊቶች፣ መስታወት መሰል (ሲሊካ) ቅርፊት ያላቸው ዳያቶም የሚባሉ አልጌዎች። እነዚህ በፍጥነት ይለዋወጣሉ። አንዱ ዝርያ ይመጣል፣ ሌላው ይጠፋል፣ ለውጡም በውቅያኖሶች ሁሉ በተቀራረበ ጊዜ ይታያል። ስለዚህ አንድ ቁንጥር ጭቃ በማይክሮስኮፕ አይቶ "ይህ እንትና ከመጣ በኋላ፣ እንትና ከመጥፋቱ በፊት ነው" ማለት ይቻላል። ያ ክፍተት "ዞን" ይባላል።

ጥቅሙ ግልጽ ነው። ርካሽ ነው። ናሙናው ትንሽ ነው። ከአጥንቱ አጠገብ፣ እንዲያውም ከራስ ቅሉ ቀዳዳ ውስጥ መውሰድ ይቻላል። ሌሎቹ ዘዴዎች ከአጥንቱ ራቅ ያለ ነገር ሲለኩ ይህ ግን ራሱን መቃብሩን ያያል። እኔ በግሌ ሌላ ሁሉ ቢቀር ይህን አልተውም።

አንዳንዱ ደግሞ ማይክሮስኮፕም አይፈልግም። ኑሙላይት የሚባለው ፎራሚኒፌራ ባለ አንድ ሕዋስ ቢሆንም ሳንቲም የሚያክልበት ጊዜ አለ። የጊዛ ፒራሚዶች የኖራ ድንጋይ በሱ የተሞላ ነው። የጥንቱ ግሪካዊ የመልክዐ ምድር ጸሐፊ ስትራቦ ፒራሚዶቹ ሥር ምስር የሚመስል ጠጠር እንዳለ ጽፏል። በጊዜው ይወራ የነበረው፣ ከሠራተኞቹ ምሳ የተረፈ ምስር ደንጊያ ሆኖ ነው የሚል ነበር።  ዛሬ ያ "ምስር" የኢዮሲን ዘመን (ከ56 እስከ 34 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት) አለት ምልክት ነው፤ የግብጽ ዓሣ ነባሪዎችም የዚያው ዘመን ናቸው።

አሁን ጉድለቱን እንይ። ዞን ዓመት አይደለም። "37 ሚሊዮን" የሚለው ቁጥር ከዞኑ ላይ አይነበብም፤ ሌላ ቦታ፣ ያው ዞን ከእሳተ ገሞራ አመድ ጋር ተገናኝቶ ከተለካበት አለት ተውሶ የመጣ ነው። የዋዲ አል ሒታን ነገር ይህ ነው። በዚያ ሦስት የአለት ምድቦች ተደራርበዋል፤ ከታች ገሃነም፣ ከሱ በላይ ቢርከት ቃሩን፣ ከላይ ቃስር ኤል ሳጋ። ባሲሎሳውረስና ዶሩዶን የተባሉት ጥንታዊ ዓሣ ነባሪዎች በብዛት የሚገኙት በታችኞቹ ሁለቱ ነው። ባርቶኒያንና ፕራያቦኒያን የሚባሉት የኢዮሲን ክፍሎች የሚለዩበት መስመር በ37.7 ሚሊዮን ዓመት ላይ ነው። ያ መስመር በዚህ በረሃ ውስጥ የትኛው ንጣፍ ላይ ያልፋል የሚለው ሲያከራክር ኖሯል። መስመሩን ጥቂት ሜትር ዝቅ ወይም ከፍ ስታደርጉት የዓሣ ነባሪው ዕድሜ አብሮ ይንቀሳቀሳል። ሁለት ጽሑፎች የተለያየ ቁጥር ሲሰጡ አንዱ ዋሽቷል ማለት ላይሆን ይችላል።

ሁለተኛው ጉድለት፣ ደቃቃን ነገር ውኃ በቀላሉ ያንከራትተዋል። አሮጌ አለት ተሸርሽሮ ቅርፊቶቹ በአዲስ ጭቃ ውስጥ ሊገቡ ይችላሉ። ስለዚህ ድብልቅ ሲገኝ የሚፈርደው በዕድሜ ትንሹ ዝርያ ነው። ሦስተኛው፣ የኖራ ቅርፊት በአሲዳማ ውኃ ይሟሟል። ያኔ ሲሊካ የሆነው ዳያቶም ይተካዋል። አለቱ የወንዝ ደለል ከሆነ ግን ሁሉም የለም። ከፓኪስታን የተገኘው ፓኪሴተስ፣ በ1981 ስም የወጣለት ከጥንታዊዎቹ የዓሣ ነባሪ ዘመዶች አንዱ፣ የተገኘው በቀይ የወንዝ ደለል ውስጥ ነው። እዚያ የባሕር ፎራሚኒፌራ መፈለግ ልፋት ብቻ ነው። አብረው በተገኙት የየብስ እንስሳት ነው የተያዘው።

የእሳተ ገሞራ አመድ

ቁጥሩን በቀጥታ የሚሰጥ ይህ ነው። እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ አመዱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ባሕሩ ላይ ይወርዳል፣ ቀጭን ንጣፍ ይሠራል። በውስጡ ፖታሲየም ያለባቸው ክሪስታሎች አሉ። ፖታሲየም-40 ቀስ እያለ ወደ አርጎን ይለወጣል፤ ግማሽ ዕድሜው 1.25 ቢሊዮን ዓመት ነው። ክሪስታሉን ለተወሰነ ጊዜ በኑክሌር ማብላያ ውስጥ ማስቀመጥ ያስፈልጋል፤ ከዚያ በሌዘር አሙቆ ጋዙን መለካት ነው። ይህ አርጎን-አርጎን ይባላል። ዚርኮን የሚባለው ጠንካራ ክሪስታል ከተገኘ ደግሞ ዩራኒየም ወደ እርሳስ የተለወጠውን መለካት ይቻላል።

ለኛ ሰው ይህ እንግዳ አይደለም። ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ነው የምንለው ሐዳር ውስጥ አጠገቧ ያለው የአመድ ንጣፍ በአርጎን ስለተለካ ነው። የሷም አጥንት አልተለካም።

ለዓሣ ነባሪ ከዚህ ዘዴ ብዙ ያተረፈች ፔሩ ናት። በኢካ በረሃ ፒስኮ የሚባለው የአለት ምድብ በዓሣ ነባሪ አፅም የተሞላ ነው፣ ከአንዲስ የመጡ የአመድ ንጣፎችም በየመካከሉ ገብተዋል። እንዲህ ያለ ዕድል ብዙ ቦታ የለም። ሊቪያታን የተባለው ግዙፍ አዳኝ ዓሣ ነባሪ፣ ጥርሱ ከ30 ሴንቲ ሜትር የሚበልጠው፣ በ2008 እዚህ ሴሮ ኮሎራዶ ላይ ተገኘ። በ2010 ሲታወጅ ዕድሜው ከ12 እስከ 13 ሚሊዮን ዓመት ተባለ። ከዚያ ተመራማሪዎች ንጣፎቹን አንድ በአንድ ለክተው፣ አመዱን በአርጎን፣ ጭቃውን በዳያቶም አዩት። አዲሱ ዕድሜ ከ9.9 እስከ 8.9 ሚሊዮን ሆነ። ቢያንስ ሁለት ሚሊዮን ዓመት ቀነሰ ማለት ነው። አጥንቱ ያው አጥንት ነው።

ታዲያ ሁልጊዜ አመድ አንመርጥም? ቢገኝ ኖሮ! እሳተ ገሞራ በአቅራቢያው ካልነበረ አመድ የለም። ቢኖርም አጥንቱ ጋ ላይሆን ይችላል። ፋዩም አካባቢ የባሳልት ንጣፍ አለ፤ 23 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው፣ በጥሩ ሁኔታ ተለክቷል። ግን ከዓሣ ነባሪዎቹ በጣም ከፍ ብሎ ነው ያለው። የሚነግረን "ከ23 ሚሊዮን ዓመት በፊት የነበሩ ናቸው" ብቻ ነው። ይህንንማ ያለሱም እናውቃለን። ስለዚህ የአመድ ዕድሜ ስታነቡ ከመደመርና መቀነስ ምልክቱ (ከስሕተት ወሰኑ) በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ አመዱ ከአጥንቱ ስንት ሜትር ይርቃል? ቤተ ሙከራው በአሥር ሺዎች ዓመታት ትክክል ሊሆን ይችላል። 40 ሜትር ደለል ግን በመካከል ካለ ያ ትክክለኛነት የአመዱ እንጂ የዓሣ ነባሪው አይደለም። ከላይም ከታችም አመድ ካለ በጣም ጥሩ፤ አጥንቱ በሁለት ቁጥሮች መካከል ተያዘ።

ክሪስታሎችም ያታልላሉ። ዚርኮን ጠንካራ ስለሆነ ከአሮጌ አለት ተነቅሎ ከአዲሱ አመድ ጋር ሊወጣ ይችላል። በደለል ውስጥ በወንዝ የመጣ ዚርኮን ከሆነ ደግሞ የሚነግረው "ንጣፉ ከዚህ አይበልጥም" የሚለውን ብቻ ነው።

ስትሮንቲየም

ይህ ቆንጆ ዘዴ ነው፣ ግን ሰዎች ያለ ቦታው ይጠቀሙበታል። በባሕር ውኃ ውስጥ ካሉት የስትሮንቲየም ዓይነቶች ለዚህ የሚፈለጉት ሁለት ናቸው፣ 87 እና 86። የሁለቱ ምጥጥን በውቅያኖሶች ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፣ በጊዜ ሂደት ግን ተለውጧል። ዛሬ ምጥጥኑ 0.7092 ገደማ ነው። ከ40 ሚሊዮን ዓመት በፊት 0.7077 አካባቢ ነበር። ዛጎል ሲሠራ የዘመኑን ምጥጥን ይይዛል። ያንን ለክቶ ከታወቀው የዓለም መስመር ጋር ማስተያየት ነው።

ቁም ነገሩ መስመሩ የት ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ የት ይተኛል የሚለው ላይ ነው። ከ35 እስከ 15 ሚሊዮን ዓመት ባለው ጊዜ በፍጥነት ይወጣል፤ እያንዳንዱ ምጥጥን አንድ ጊዜን ያመለክታል። ከኢዮሲን ቀጥለው የመጡት የኦሊጎሲን ወይም የማዮሲን መጀመሪያ ዓሣ ነባሪ ካላችሁና አጠገቡ ጥሩ ዛጎል ካለ ስትሮንቲየምን ሳታመነቱ ምረጡ። ለኢዮሲን ዓሣ ነባሪ፣ ማለትም ለነባሲሎሳውረስ፣ ግን መስመሩ ጠፍጣፋ ነው። ብዙ ሚሊዮን ዓመታት አንድ ዓይነት ቁጥር ይሰጣሉ። ገንዘቡን ለሌላ ነገር አውሉት።

ደግሞ አጥንቱን ራሱን እንዳትለኩ። አጥንት በመሬት ውስጥ ሲቆይ ከከርሰ ምድር ውኃ አዲስ ስትሮንቲየም ይጠጣል። ያልተለወጠ የኦይስተር ዛጎል፣ ፎራሚኒፌራ፣ ወይም የሻርክ ጥርስ ገለፈት ይሻላል።

መግነጢስ

የምድር መግነጢሳዊ አቅጣጫ በየጊዜው ይገለበጣል። የመጨረሻው ከ780,000 ዓመት ገደማ በፊት ነበር። ደለል ሲረጋ የዘመኑን አቅጣጫ ይይዛል፣ ስለዚህ የንጣፎቹ ድርድር እንደ ባርኮድ ይነበባል። ችግሩ ባርኮዱ ቁርጥራጭ ሲሆን ከብዙ ቦታ ጋር መግጠሙ ነው። ስለዚህ ብቻውን አይቆምም። መጀመሪያ ደቃቅ ቅሪተ አካል ወይም አመድ "እዚህ አካባቢ ነህ" ማለት አለበት። ያኔ መግነጢሱ ያጠብበዋል። ደቃቅ ጭቃ ሲሆን ይሠራል፣ ሻካራ አሸዋ ላይ ይዳከማል። ይኸው ነው።

አጥንቱ በእርግጥ የዚያ ንጣፍ ነው?

አራቱም ዘዴዎች አንድ ነገር እንደ ተራ ነገር ይወስዳሉ፦ ዓሣ ነባሪው የሞተው ንጣፉ በሚዘረጋበት ጊዜ ነው ብለው። ብዙ ስሕተት የሚገባው በዚህ በር ነው፣ ማሽኑም አይነግራችሁም።

የዓሣ ነባሪ የጆሮ አጥንት በጣም ጠንካራ ነው። ሌላው ሲበሰብስ እሱ ይቀራል። ማዕበል ሊያነሣው፣ ከሚሊዮን ዓመት በኋላ በሌላ ንጣፍ ሊያስተኛው ይችላል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ሻርክቱዝ ሂል የሚባል የአጥንት ንጣፍ አለ፣ ከ15.9 እስከ 15.2 ሚሊዮን ዓመት። ቀጭን ነው። የሚገርመው ግን እስከ 700,000 ዓመት ድረስ የተጠራቀመ ሊሆን ይችላል፤ ደለል በጣም በዝግታ ስለረጋ አጥንቶች ተከማቹ። ከዚያ ንጣፍ ጎን ለጎን የወጡ ሁለት ዓሣ ነባሪዎች በአንድ ባሕር ላይ ተያይተው ላያውቁ ይችላሉ።

ስለዚህ የመስክ ማስታወሻው ከቤተ ሙከራው ቁጥር ይቀድማል። አፅሙ እንደተያያዘ ነው? ከሆነ ብዙም አልተንከራተተም፤ አብሮ ከንጣፉ ጋር ተቀብሯል። ነጠላ፣ የተፈገፈገ፣ በውኃ የተንከባለለ አጥንት ከሆነ ተጠራጠሩ። ላዩ ላይ ተጥሎ የተገኘ ከሆነ ደግሞ ከየትኛው ንጣፍ እንደወረደ መጀመሪያ መታወቅ አለበት።

ታዲያ የቱን እንምረጥ?

በእጃችሁ ያለው የባሕር ጭቃ ከሆነና አፅሙ የተያያዘ ከሆነ በደቃቅ ቅሪተ አካል ጀምሩ፣ መግነጢስ ጨምሩበት። የግብጹ ኢዮሲን እንዲህ ነው የሚያዘው። እሳተ ገሞራ ባለበት አገር አመዱን ፈልጉ፣ ግን ሜትሩን በደንብ ለኩ፣ ዳያቶሙንም አትተዉ። ፔሩ ላይ ውጤቱ ያማረው ሁለቱ ስለተደጋገፉ ነው። የማዮሲን መጀመሪያ ከሆነና ጥሩ ዛጎል ካለ ስትሮንቲየም።

የወንዝ ደለል ከሆነስ? ጎረቤታችን ኬንያ ጥሩ ምሳሌ አላት። በ1964 ከቱርካና ሐይቅ ደቡብ ምዕራብ ሎፔሮት በሚባል ቦታ ባለ ምንቃር ዓሣ ነባሪ ተገኘ። ቦታው ዛሬ ከሕንድ ውቅያኖስ 740 ኪሎ ሜትር ይርቃል፣ ከባሕር ጠለል 620 ሜትር ከፍ ይላል። እንስሳው በወንዝ ተጉዞ የገባ ነው። በወንዝ ደለል ውስጥ የባሕር ደቃቃን አይጠበቁም፣ ለስትሮንቲየም የሚሆን የባሕር ዛጎልም እንዲሁ። መፍትሔው በላዩ የፈሰሰው ላቫ ነበር፤ ላቫው ሲለካ አጥንቱ ከሱ እንደሚቀድም ታወቀ። 17 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሚለው ቁጥር የመጣው እንዲህ ነው። ቁጥሩ ለዓሣ ነባሪ ታሪክ ብቻ አልጠቀመም። ከ17 ሚሊዮን ዓመት በፊት ያ መሬት ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ እንዳላለ፣ የምሥራቅ አፍሪካ ከፍታ የተነሣው ከዚያ በኋላ እንደሆነ ለማሳየት በ2015 አገልግሏል። ዓሣ ነባሪ ተራራ አይወጣማ። እዚህ ላይ የዕድሜው ቁጥር ቢሳሳት የመሬቱ ታሪክም አብሮ ይሳሳታል፤ ስለዚህ ለአንድ አጥንት ያን ያህል መጨነቅ ትርፍ ሥራ አይደለም።

የቀረው ከመቶ ዓመት በፊት ተሰብስቦ በሙዚየም መሳቢያ ውስጥ ያለው ነው። ቦታው በግምት ተጽፏል፣ ንጣፉ አልተጻፈም። አመድም መግነጢስም እዚህ አይረዱም። ተስፋው በራስ ቅሉ ቀዳዳዎችና በአከርካሪው ስንጥቆች ውስጥ የቀረ ጭቃ ነው፤ አንድ ቁንጥር ለናኖፎሲል ይበቃል። ብዙ ጊዜ ግን አጥንቱ ለእይታ እንዲያምር ታጥቦ፣ ተፍቆ፣ ሙጫ ተቀብቷል። አጥንት የምታጸዱ ከሆነ ከእያንዳንዱ አፅም የወጣውን ጭቃ ጥቂት በብልቃጥ አስቀምጡ፣ የአፅሙን ቁጥርም ለጥፉበት።